የሕፃናት ትምህርት በመኖሪያ ቤት፦ ከሞንቴሶሪ ዘዴ የምናገኘው ትምህርት

አጥቢያዎቻችን የሕፃናት ትምህርት ለመጀመር ሲያስቡ በቅድሚያ የሕንፃ ገንዘብ ይፈልጋሉ። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ከተማ፣ በሳን ሎሬንሶ ሰፈር «የሕፃናት ቤት» ብላ የጀመረችው ትምህርት ቤት የተከፈተው በድሆች መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የተቀበለቻቸውም ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ጠባቂ የሌላቸውን ሕፃናት ነበር።

በዚህ ዘዴ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ሕፃናት በአንድነት ይማራሉ፤ ታላቁ ታናሹን ያግዛል። መማሪያዎቹ ቁመታቸውን በሚመጥን መደርደሪያ ይቀመጣሉ፤ ሕፃኑ መርጦ ይሠራል፣ ሲጨርስም ወደ ቦታው ይመልሳል። ውኃ መቅዳትና ወለል መጥረግ ጣትንና ትኩረትን ያሠለጥናሉ። ከሸካራ ወረቀት የተቆረጠውን ፊደል በጣቱ እየተከተለ ድምፁን ይጠራል። መምህርቷም ከመናገር ይልቅ አስተውላ ትመለከታለች።

ይህ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ይቆጥራል፤ የገፋው ጀማሪውን ያስቆጥራል፤ እያንዳንዱም በየአቅሙ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ጆሮና ቃል መቅደማቸው፣ በዚያ ደግሞ እጅና ምርጫ መቅደማቸው ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ያሟላል እንጂ አይሽረውም።

የሰበካ ጉባኤያት ከዕቃው ዋጋ አስቀድመው አራት ነገሮችን እንዲመረምሩ እናሳስባለን፦ ቤቱ ከአደጋ የተጠበቀ መሆኑን፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ መኖሩን፣ የመምህርቷን ትዕግሥትና ምግባር፣ እንዲሁም የሚመለከተው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ መገኘቱን። መደርደሪያውን የአጥቢያው አናጢ ሊሠራው ይችላል፤ ያለፈውን የሕፃንነት ዘመን ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።