ዳታ ሴንተር የሚከራይ ድርጅት የሚገዛው ምንድን ነው?

ሜይ 27 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላኖች አንዳች ብልሽት ሳያገኛቸው መሬት ላይ ቆመው ዋሉ፡፡ ከሂትሮው አውሮፕላን ጣቢያ አጠገብ በሚገኝ የአየር መንገዱ ዳታ ሴንተር ኃይል በመቋረጡ የመንገደኞችን ምዝገባ፣ ሻንጣና በረራ የሚያስተናግዱት ኮምፒዩተሮች ሥራ አቆሙ፡፡ 75 ሺህ ያህል መንገደኞች ተጉላሉ፡፡ እናት ኩባንያው አይኤጂ ጉዳቱን በወቅቱ 80 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አድርጎ ገምቶታል፡፡

የአይኤጂ ዋና ሥራ አስፈፃሚ የነበሩት ዊሊ ዋልሽ ኋላ እንዳስረዱት፣ ኃይሉን ያቋረጠው አንድ መሐንዲስ ነው፡፡ ከማቋረጡ ይልቅ የባሰ ጉዳት ያደረሰው ግን መልሶ የተገናኘበት መንገድ ነበር፡፡ ኃይሉ ያለ ቁጥጥር በመለቀቁ መሣሪያዎቹን ጎዳ፡፡ መሐንዲሱ በቦታው እንዲገኝ ፈቃድ ነበረው፤ የሠራውን ሥራ እንዲሠራ ግን አልተፈቀደለትም፡፡

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ ቶሎ የሚጠይቀው ካፒታሉ የት ነበር ብሎ ነው፡፡ ካፒታሉማ ነበረ፡፡ የጎደለው ማን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ ማብሪያ ማጥፊያውን እንደሚነካ የሚወስን አስተዳደር ነው፡፡

ይህ ጉዳይ አሁን የእኛንም ገበያ ይመለከታል፡፡ ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንደ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ ያሉ ኩባንያዎች አዲስ አበባ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ ዳታ ሴንተር ገንብተው ለኪራይ አቅርበዋል፡፡ ቀድሞ ሰርቨሩን በዋናው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ያስቀምጥ የነበረ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ አሁን ምርጫ አለው፡፡ የሚከራየው ነገር ግን ቢሮ እንደሚከራዩት በካሬ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም፡፡ ዋናው ሸቀጥ የማይቋረጥ ኪሎዋትና ያንን ኪሎዋት ሌሊትም ሆነ በዓል ሳይል የሚጠብቅ ሰው ነው፡፡

ሻጮች በማስታወቂያቸው ደጋግመው የሚጠሩት “ቲየር 3” የሚለውን ደረጃ ነው፡፡ ደረጃውን የሚሰጠው አፕታይም ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ከ1 እስከ 4 ይዘልቃል፡፡ ቲየር 3 ማለት የትኛውም የኃይልና የማቀዝቀዣ መሣሪያ ለጥገና ሲወጣ ኮምፒዩተሮቹ ሳይጠፉ ሥራው ይቀጥላል ማለት ነው፡፡ ብዙ ገዢዎች የማያስተውሉት ግን የምስክር ወረቀቱ አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑን ነው፡፡ አንዱ የሚሰጠው ለንድፉ፣ ሌላው ተሠርቶ ላለቀው ሕንፃ ነው፡፡ ሦስተኛው የሠራተኛውን ብዛትና ሥልጠና፣ ጥገናውንና የአሠራር ሥርዓቱን አይቶ ለዕለት ተዕለት አስተዳደሩ የሚሰጥ ነው፡፡ በወረቀት ላይ ያለ ንድፍ አንድም ቀን መብራት ጠፍቶበት አያውቅም! ስለዚህ ሻጩ ወረቀት ሲያወጣ የትኛው እንደሆነ ማንበብ ይገባል፡፡

የባለሙያው ዋጋ የሚታየው ግንባታው ላይ ነው፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፡፡ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክብደቱ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነፃፀር ወደ ሩብ ገደማ ይቀንሳል፡፡ የናፍጣ ጀኔሬተር፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ኪሎዋት እዚህ ላይሰጥ ይችላል፡፡ ማራገቢያ የሚነዳው አየርም ከሰርቨሩ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፡፡ ካታሎግ አንብቦ ጀኔሬተር ያዘዘ ሥራ አስኪያጅ ይህን የሚያውቀው መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው፡፡ በአንፃሩ የደጋው ብርድ ለሚያውቅበት ሀብት ነው፡፡ የውጪውን አየር አጣርቶ በማስገባት የማቀዝቀዣ ሞተሩን ለብዙ ሰዓት ማሳረፍ ይቻላል፡፡

ይህ በገንዘብ የሚተመን ነው፡፡ ማዕከሉ የሚወስደው ጠቅላላ ኤሌክትሪክ ለኮምፒዩተሮቹ ብቻ ለደረሰው ይካፈላል፡፡ ውጤቱ 1.5 ከሆነ ለእያንዳንዱ የኮምፒዩተር ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ለማቀዝቀዣና ለብክነት ይከፈላል ማለት ነው፡፡ የጉግል ማዕከላት አማካይ 1.1 አካባቢ ነው፡፡ ልዩነቱ በየወሩ የመብራት ሂሳብ ላይ ይቀመጣል፤ የሚከፍለውም መጨረሻ ላይ ተከራዩ ነው፡፡

አመራሩስ? የደቡብ ኮሪያን ሁኔታ እንይ፡፡ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 በዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ሴንተር ባትሪዎች በሚዛወሩበት ጊዜ እሳት ተነሳ፡፡ ባትሪዎቹ የተተከሉት በ2014 ሲሆን አምራቹ የመከረው የ10 ዓመት ዕድሜ አልፎባቸዋል፡፡ ከ600 በላይ የመንግሥት አገልግሎቶች ቆሙ፡፡ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን ያስቀምጡበት የነበረው ጂ-ድራይቭ የተባለው ማከማቻ፣ 858 ቴራባይት መረጃ ይዞ፣ ከነአካቴው ወደመ፡፡ መረጃው እጅግ ብዙ ነው በሚል ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም፡፡ ይህ በቴክኖሎጂዋ ዓለም የሚቀናባት አገር ነች፡፡

ባትሪ መለወጥና ቅጂ ማስቀመጥ ገቢ አያስገኙም፡፡ በጀት ሲጠብ ቀድመው የሚሰረዙትም እነሱ ናቸው፤ ከአሥር ዓመት ዘጠኙን የሰረዛቸው ሥራ አስኪያጅ ቆጣቢ ተብሎ ይመሰገናል፡፡ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ በማርች 2021 የኦቪኤች ኩባንያ ማዕከል ሲቃጠል ቅጂያቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል፡፡

እንግዲህ ውል ከመፈረም በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ብዙም ረቂቅ አይደሉም፡፡ ባትሪው ስንት ዓመት ሆነው? ጀኔሬተሩ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የተሞከረው መቼ ነው? ናፍጣው ለስንት ሰዓት ይበቃል፣ መንገድ ቢዘጋ ከየት ይመጣል? ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛው ማን ነው፣ ያለ አለቃው ፈቃድስ ምን ማድረግ ይችላል? ሻጩ እነዚህን በመዝገብ አስደግፎ ካልመለሰ ዋጋው መርከሱ አያጓጓ፡፡

የካሣውን አንቀጽም በጥንቃቄ ማየት ያሻል፡፡ በዚህ ንግድ የተለመደው ውል አገልግሎት ሲቋረጥ ከወሩ ኪራይ ላይ ጥቂት መቶኛ ይቀንሳል እንጂ በተቋረጠበት ሰዓት የጠፋውን ገበያ አይከፍልም፡፡ አንድ ባንክ ደመወዝ በሚወጣበት ቀን ለስድስት ሰዓት ቢዘጋ የሚያገኘው ካሣ የኪራይ ቅናሽ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በር ላይ የተሰለፈው ደንበኛ ግን የሚጠይቀው ባንኩን እንጂ ዳታ ሴንተሩን አይደለም፡፡