ከቁጥር ወደ ስም፦ የበርገን-ቤልሰን ትምህርት

በሰሜን ጀርመን፣ ከሃኖቨር ከተማ በስተሰሜን፣ ዛፍና ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ አለ። በሜዳው ላይ ትልልቅ የአፈር ጉብታዎች ይታያሉ፤ የጅምላ መቃብሮች ናቸው። በላያቸው የተጻፈው የሰው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው፤ በአንዱ 1,000፣ በሌላው 5,000 ሙታን። ይህ በርገን-ቤልሰን የተባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ የነበረበት ስፍራ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ

ስፍራው በመጀመሪያ የጦር ምርኮኞች ካምፕ ነበር። ከ1941 ጀምሮ ከመጡት የሶቪየት ምርኮኞች ወደ 20,000 የሚጠጉት በረሃብ፣ በብርድና በበሽታ አለቁ። በ1943 ኤስ ኤስ የተባለው የናዚ ድርጅት ከፊሉን ተረክቦ፣ በውጭ አገር በተያዙ ጀርመኖች ሊለውጣቸው ያሰባቸውን አይሁድ አጎረበት። በጦርነቱ መጨረሻ ከሌሎች ካምፖች እስረኞች እየተጋዙ ስለ መጡ፣ በ1944 መጨረሻ 15,000 ያህል የነበሩት በኤፕሪል 1945 60,000 ደረሱ። በዚያ የጋዝ መግደያ ክፍል አልነበረም፤ የፈጃቸው ረሃብ፣ ጥማትና ቅማል የሚያስተላልፈው ተስቦ ነው። ማስታወሻዋ በዓለም የታወቀው አን ፍራንክም በ1945 መጀመሪያ ከእኅቷ ጋር በዚያ ሞተች።

በሩ ከተከፈተ በኋላ

የእንግሊዝ ጦር ኤፕሪል 15 ቀን 1945 ደረሰ። ሞት ግን በዚያ ቀን አላቆመም፤ ከዚያም በኋላ 13,000 ያህል ሰዎች ሞቱ። ወታደሮቹ ራርተው ከስንቃቸው የታሸገ ሥጋ አደሉ፤ ዳሩ ግን በረሃብ የደከመ ሆድ ቅባት የበዛበትን ምግብ ሊችለው ስላልቻለ ብዙዎችን ጎዳቸው። ስለዚህ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የቀይ መስቀል ሠራተኞችና ከለንደን የመጡ ወደ 100 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች የእያንዳንዱን ሕመምተኛ አቅም እየለዩ ጥቂት በጥቂት መመገብ ያዙ። ሕመምተኞቹን አጥበው በአቅራቢያው ወዳለ የጦር ሠፈር አዛወሯቸው፤ ተስቦ ያለበት የመጨረሻው ጎጆም ሜይ 21 ቀን ተቃጠለ።

መታሰቢያው

የተረፉት አይሁድ በመጀመሪያው ዓመት መታሰቢያ፣ በ1946፣ የድንጋይ ሐውልት አቆሙ። በ1952 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሆይስ በተገኙበት ሌላ ሰፊ መታሰቢያ ተመረቀ። ኤስ ኤስ የእስረኞቹን መዝገብ አስቀድሞ አጥፍቶት ስለ ነበር፣ የመታሰቢያው ሠራተኞች ከየስፍራው ስም በመልቀም ከሞቱትም ከተረፉትም የ50,000 ያህል ሰዎችን ስም በመጽሐፍ አሰፈሩ።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ረሃብ ሁሉ ዝናብ በመቅረቱ አይመጣም፤ ሰው በሰው ላይ የሚያመጣው ረሃብ አለ።

ሁለተኛ፣ ርኅራኄ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ቸኩሎ መስጠት ብቻ አይበቃም፤ የሚቀበለው ምን ሊችል እንደሚችል ማወቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ገዳዮቹ ሰውን ወደ ቁጥር ለወጡት፤ ያዳኑትና ያስታወሱት ግን አንድ በአንድ ፈለጉት።

ለውይይት፦ ስለ ርዳታ ሥራ ስንሰማ ስንት ሰው እንደ ተረዳ እንጠይቃለን። ከዚያ ቀጥሎ ምን መጠየቅ ይገባናል?