ተቀበል!

ሦስት ሌሊት ደክመህ ስለ አንድ አዲስ አልበም ጻፍክ። የጣመህን ጣመኝ፣ ያልጣመህን አልጣመኝም አልክ። ጽሑፉ ሲወጣ ምን ተመለሰልህ?

ስድብ።

«አንተ ማን ሆነህ ነው?» «ቅናት ነው!» «ደባርቅ ቁጭ ብሎ ስለ ሙዚቃ ይጽፋል እንዴ!»

ሆድህ ተቃጠለ። እጅህ ታሰረ። «ሁለተኛ አልጽፍም» ብለህ ማልክ።

ቆይ! እስክሪብቶህን እንዳትጥል! የምትጽፊ እህቴ፣ አንቺም ስሚኝ።

እኔም ደርሶብኛል። አንድ ዘፋኝ ማሲንቆውን በኦርጋን ድምፅ አፍኖታል ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የመጣብኝን አልነግርህም፤ አንተም ታውቀዋለህ። ማታ ስልኬን አጥፍቼ ደባርቅ ውስጥ አንድ ጠጅ ቤት ገባሁ። የሰሜን ብርድ ጋቢ አይበግረውም። አዝማሪው ጥግ ይዞ ማሲንቆውን ይቃኛል። ያለችው አንዲት ክር ናት፤ የፈረስ ጭራ።

ሞቅ ያለው አንድ ሰውዬ ከወዲያ በኩል «ተቀበል!» አለ።

«እሺ!» አለ አዝማሪው።

ሰውዬው የሰጠው ግጥም ስለ አዝማሪው ድምፅ ነበር። ሙገሳ አልነበረም። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ የራሴን ቁስል የነኩት መሰለኝ።

አዝማሪው ምን አደረገ? ማሲንቆውን ጣለ? ተጣላ? አኮረፈ?

ተቀበለ!

ስድቡን አንድ ቃል ሳይቀንስ በራሱ ዜማ አዜመው። አስከትሎ የራሱን ሁለት ስንኝ ጨመረበት። ደጋኑ ለአፍታ እንኳ አላረፈም። በመጨረሻ ማን ተነሣ? ያው ተሳዳቢው! ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት።

ጠጄን ሳልጨርስ አንድ ነገር ገባኝ። ስንኙ የሰውዬው ነው፤ ዜማው ግን የአዝማሪው። ሰው የፈለገውን ቃል ሊሰጥህ ይችላል። በምን ዜማ እንደምታዜመው የምትወስነው አንተ ነህ። ተቀበል ማለት እመን ማለት አይደለም። ተቀበል ማለት አትሽሽ፣ ቃሉን በእጅህ ያዝ፣ ሥራህንም አታቋርጥ ማለት ነው።

የአዝማሪ ሙያ ደግሞ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልህ። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹና ካሳ ኃይሉ ሲገጥሙ፣ ካሳን በግጥም ያብጠለጠለው የጎሹ አዝማሪ ከጦርነቱ በኋላ ተይዞ በዱላ ተደብድቦ እንደ ሞተ ይተረካል። ካሳ ሦስት ዓመት ሳይሞላ እዚሁ ሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ፋሺስቶች አዝማሪዎችን እያደኑ ገደሉ። ለምን? ሕዝብ ይሰማቸው ስለነበር።

እነርሱ ለአንድ ስንኝ ሕይወታቸውን ከፍለዋል። አንተ የተጠየቅከው ምንድን ነው? አንድ መራራ ማታ። ትችለዋለህ!

«ታዲያ እንዴት ልቀበል?» አልከኝ?

መጀመሪያ እደርበት። በዚያው ሌሊት መልስ እንዳትጽፍ! የተናደደ እጅ ቃል አይመርጥም። ተኛ። ጠዋት ተነሥተህ ፊትህን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብ። ከዚያ እርሳስ አንሣ።

እኔ በማግስቱ የተባልኩትን ሁሉ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። አዎ፣ በእጄ! ከዚያ ስለ እኔ የተባለውን አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ስለ ከተማዬ፣ ተሰረዘ። ስለ አስተዳደጌ፣ ተሰረዘ። ስለ ቅናቴ፣ ተሰረዘ። ስለ ጽሑፉ የተባለው ብቻ እንዲቀር ፈለግኩ። ምን ያህል የቀረ ይመስልሃል?

አንድ ዓረፍተ ነገር። «ደደብ! አምባሰል ያልከው አንቺሆዬ ነው።»

«ደደብ» የሚለውንም ሰረዝኩት። የቀረውን ይዤ በጎንደር መንገድ ወደ ዳባት ወረድኩ፤ ክራር የሚመታ ወዳጅ አለኝ። ሁለቱን ቅኝቶች አከታትሎ መታልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች አንድ ናቸው። ልዩነቱ አራተኛውና አምስተኛው ላይ ነው። አራተኛው በግማሽ ቶን ዝቅ፣ አምስተኛው በግማሽ ቶን ከፍ ሲል አምባሰል የነበረው አንቺሆዬ ይሆናል። ወዳጄ አንዱን ክር ትንሽ አላላው፤ ሌላውን ትንሽ ወጠረው። በቃ፣ የክራሩ ስሜት ሌላ ሆነ! ዓይኔን ጨፍኜ «ድገምልኝ፣ ድገምልኝ» አልኩት። ከዚያ አልበሙን ከፈትነው።

ተሳዳቢው ልክ ነበር።

ያን ያህል ስድብ ውስጥ እንዲህ ያለ ትምህርት ተቀብሮ ነበር። ሁሉንም በንዴት ብደመስሰው ኖሮ ዛሬም አምባሰልን ከአንቺሆዬ ሳልለይ እጽፍ ነበር። ፊድባክ ሁልጊዜ ታጥቦ፣ ተተኩሶ አይመጣልህም። ጭቃውን የምታራግፈው አንተ ነህ!

ስህተቴን በሚቀጥለው ጽሑፌ አናት ላይ አረምኩ። «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል መጻፍ ያስፈራል? ያስፈራል። ግን ጻፈው! የኮንፊደንስ ጡንቻ የሚዳብረው እዚህ ላይ ነው። ማሲንቆው ታፍኗል ያልኩትን ግን አንድ ቃል አልሻርኩም። ለምን እሽራለሁ? ያን ሐሳብ ሁሉም ተሳደበበት እንጂ ማንም በማስረጃ አልሞገተውም።

ስለ ቅዱስ ያሬድ ስናወራ ሁላችንም ስለዚያች ትል እንተርካለን፤ ዛፍ ላይ ስትወጣ እየወደቀች፣ እንደገና እየሞከረች ስለ ተሳካላት። ጥሩ ታሪክ ነው። እኔን የሚያነቃኝ ግን ከትሏ በኋላ ያለው ነው። ያሬድ ተመለሰ። ወደ ማን? ትምህርት አልገባህ አለ ብሎ ወደ ገረፈው መምህሩ ወደ ጌዴዎን! ይቅርታ ጠየቀ፣ ቁጭ ብሎ ተማረ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ያገኘነው ከዚያ መመለስ በኋላ ነው። ዕድሜውንም እያስተማረ የፈጸመው በእኛው በሰሜን ተራሮች እንደሆነ ይነገራል። ይህ ማይንድሴት ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ የጓሯችን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ወስን። ማንም ሰው ልማዱን መለወጥ ይችላል፤ አንተም! ሲሰድቡህ እደር። ጠዋት እርሳስህን አንሣ፣ ሰርዝ። የቀረችውን አንዲት መስመር ይዘህ ወደሚያውቅ ሰው ሂድ። የሚቀጥለውን ጽሑፍ ደግሞ በቀጠሮው ቀን አውጣ። አታዘግየው! አንድ ሳምንት ካለፈህ ሁለተኛው ይቀላል፤ ሦስተኛው ላይ መጻፍ ትተሃል።

«ደደብ» ያለኝ ሰው እርማቴን አንብቦ ስልኬን አፈላልጎ ደወለልኝ። ዕድሜ ጠገብ ክራር መቺ ናቸው። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። «በል እንግዲህ አንቺሆዬን ከለየህ ባቲን እንይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አልበም ሲወጣ ከመጻፌ በፊት እደውልላቸዋለሁ። እንከራከራለን፤ አንዳንዴ የስልኩ ባትሪ እስኪያልቅ።

ትናንት ማታም ደውለው ነበር። «የመጨረሻውን ዘፈን በደንብ አልሰማኸውም» አሉኝ። ይኸው እርሳሴን ይዤ እንደገና ከፍቼዋለሁ።