ለማኅበር የሚላክ መልእክት ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ እንዴት ይሻገራል?

በኮምፒዩተሮች መካከል መልእክት የሚላክበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ከአንድ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ ብቻ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ላለው ሁሉ፣ ለሚሻውም ለማይሻውም፣ የሚበተነው ነው። ሦስተኛው ግን «እኔም እፈልገዋለሁ» ብለው ለተመዘገቡ ብቻ የሚደርሰው ሲሆን ባለሙያዎች ማልቲካስት ይሉታል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለ ሦስተኛው ነው፤ ይልቁንም አንዱን ኔትወርክ ለቆ ወደ ሌላው ሲሻገር ስለሚገጥመው ችግር ነው።

ጥቅሙን በቍጥር እንመልከት። በኮንጋ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት የኮምፒዩተር ክፍሎች አሉ እንበል፤ በየክፍሉም 25 ኮምፒዩተር አለ። ክፍሎቹ የየራሳቸው ኔትወርክ አላቸው፤ የሚያገናኛቸውም ራውተር ነው። ከሰርቨሩ የሚተላለፈው የባዮሎጂ ትምህርት በሴኰንድ 2 ሜጋቢት የሚፈልግ ቢሆንና ለ50ዎቹ ለየብቻ ቢላክ 100 ሜጋቢት ይሆናል፤ መስመሩ የሚችለው 100 ሜጋቢት ከሆነ ለሌላ ሥራ ምንም አይተርፍም። በማልቲካስት ግን ከሰርቨሩ የሚወጣው 2 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ መንገዱ በሚለያይበት ስፍራ ራውተሩ ያባዛዋል። ውሃ በቦይ ሲከፋፈል ይቀንሳል፤ ይህ ግን ቢከፋፈልም አይጐድልም።

ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ ይህን የሚመስል ነገር በተማሪነታቸው አይተዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ በእኛ አቈጣጠር፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበርና። ሳተላይት ግን ድንበር አያውቅም፤ የሚልከው በየጣሪያው ሁሉ ላይ ይወርዳል፤ ሰሃን የተከለ ሁሉ ይቀበለዋል። በምድር ላይ በሽቦ የሚሄደው መልእክት እንዲህ አይደለም፤ በየመሻገሪያው በረኛ አለበት።

በጌዴኦ ምድር በአንድ ሶንጎ የተነገረ ቃል በዚያ ለተቀመጡት ይሰማል፤ ከወንዝ ማዶ ወዳለው ሶንጎ ግን መልእክተኛ ካልተላከ አይደርስም። ራውተርም ካልታዘዘ በቀር የማኅበር መልእክትን አያሻግርም። ይህን አንዳንድ ሰው እንደ ጉድለት ይቈጥረዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን መልካም ጥንቃቄ ነው። ሁሉን የሚያሳልፍ ቢሆን ኖሮ የአንዱ ክፍል ጫጫታ ሌላውን ክፍል ባጥለቀለቀው ነበር።

ለመሻገር አስቀድሞ አድራሻው የተገባ መሆን አለበት። ለማልቲካስት የተመደቡት አድራሻዎች ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያሉት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በ224.0.0 የሚጀምሩት ለአንድ ሰፈር ብቻ የተወሰኑ ስለ ሆኑ ራውተር አያሳልፋቸውም። ኮምፒዩተሮች የማተሚያ መሣሪያን የሚፈልጉበት 224.0.0.251 ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በአንደኛው ክፍል ያለው ማተሚያ በሁለተኛው ክፍል የማይታይበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለትምህርት ቤት ሥርጭት በ239 ከሚጀምሩት መምረጥ ይገባል።

ዳግመኛም እያንዳንዱ መልእክት ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚወስን ቍጥር ተጽፎበት ይወጣል፤ በየራውተሩም አንድ ይቀነስበታል። ብዙ ፕሮግራሞች ለማልቲካስት የሚጽፉት 1 ነውና መልእክቱ ገና በመጀመሪያው ራውተር ላይ ይሞታል። ቍጥሩን ከፍ ማድረግ የላኪው ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ተቀባዩ ፈቃዱን መግለጥ አለበት። ይህ የሚደረግበት ደንብ አይጂኤምፒ ይባላል። ራውተሩ እንደ ተለመደው በየ125 ሴኰንዱ «የዚህ ማኅበር አባል የሆነ አለ?» እያለ ይጠይቃል፤ ከ25ቱ አንድ ብቻ ቢመልስ ይበቃዋል፤ መልስ የሚሰጥ ካጣ ማሳለፉን ያቆማል። በመካከል ያለው ስዊችም ይህን ምልልስ እያዳመጠ መልእክቱን ለጠየቁት ብቻ ያደርሳል። ጠያቂ ራውተር በሌለበት ስፍራ ግን ስዊቹ የሚያዳምጠው ያጣል፤ ትምህርቱም ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ድንገት ይጠፋል። ሠራተኛው ሽቦውን ሲነቃቅል ይውላል፤ ሽቦው ግን ደኅና ነው፤ የጐደለው ጠያቂ ነው።

ራውተሮቹ ብዙ ሲሆኑ ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ፒም የሚባል ደንብ ያስፈልጋቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ብልኀት አለ። ራውተሩ መልእክት ሲደርሰው «እኔ ለላኪው መልስ ብልክ በዚህ በኩል እልክ ነበርን?» ብሎ ይመረምራል፤ በሌላ በኩል የመጣ ከሆነ ይጥለዋል። ይህ ባይሆን አንዱ መልእክት በራውተሮች መካከል እየዞረና እየተባዛ መስመሩን ሁሉ ይሞላ ነበር።

ይህን አሠራር የጀመረው ስቲቭ ዲሪንግ የተባለ ሊቅ ሲሆን ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በ1992 መጋቢት ወር በሳን ዲዬጎ ከተማ የተደረገ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብሰባ በድምፅ ወደ 20 ስፍራዎች ተላለፈ። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ራውተሮች ማልቲካስትን አያውቁም ነበርና መሐንዲሶቹ የማኅበሩን መልእክት በተራ ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ እንደ መክተት አድርገው አሳለፉት፤ ማዶ ያለው ኮምፒዩተር ፖስታውን ቀድዶ ለሰፈሩ ያድላል። ይህ ብልኀት ዛሬም አላረጀም፤ ለሕዝብ የተከፈተው ኢንተርኔት በአብዛኛው ማልቲካስትን አያሳልፍም። ስለዚህ በዲላ የሚሰጥ ትምህርት በኢንተርኔት በኩል ኮንጋ ይድረስ ቢባል፣ ወይ እንዲህ በፖስታ ተከትቶ መላክ፣ ወይም በኮንጋ አንድ ቅጂ ተቀብሎ የሚያከፋፍል ሰርቨር ማቆም ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ይቀራል። በፕላዝማው ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ትምህርቱ አልፎ ሄዶ ይገኝ ነበር፤ ማልቲካስትም በራሱ የጠፋውን መልሶ አይልክም። በተንቀሳቃሽ ሥዕል ላይ አንዲት ቍራጭ ብትጐድል ዓይን ብዙም አያስተውላትም። የፈተና ጥያቄ የያዘ ፋይል ግን አንዲት ቍራጭ ከጐደለችው ላይከፈት ይችላል፤ እርሱን ለየኮምፒዩተሩ ለየብቻ፣ መድረሱን እያረጋገጡ መላክ ይሻላል።