መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በሆስፒታል መከታተል

ከአጥቢያ ኮሚቴዎችና ከካህናት ጋር ስለ ጤና ስንወያይ ደጋግሞ የሚገጥመን ጥያቄ «ባክቴሪያው መድኃኒቱን መላመዱ በምን ይታወቃል?» የሚል ነው።

ከሕመምተኛው ደም፣ ሽንት ወይም መግል ተወስዶ የተገኘው ባክቴሪያ በላቦራቶሪ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ይዘራል፤ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶችም በላዩ ይቀመጣሉ። በማግሥቱ በወረቀቱ ዙሪያ ሰፊ ባዶ ቀለበት ከታየ መድኃኒቱ ይሠራል። ቀለበቱ ከጠበበ ወይም ከጠፋ ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶታል።

ይህ ውጤት የሚጠቅመው ለዚያ ሕመምተኛ ነው። ሆስፒታሉ የችግሩን አካሄድ የሚረዳው የብዙዎች ውጤት ዓመት ከዓመት ሲነጻጸር ነው። የእንግሊዝን ታሪክ እንመልከት። ሜቲሲሊን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1961 እርሱን የተላመደ ስታፊሎኮከስ አውሬስ በዚያው አገር ተገኘ። ሁለት ዓመት ብቻ! እ.ኤ.አ. በ2001 ሆስፒታሎች ይህ ባክቴሪያ በደማቸው የተገኘባቸውን ሕሙማን ቁጥር እንዲያሳውቁ ግዴታ ተጣለባቸው። በ2004 መንግሥት ቁጥሩ እስከ 2008 በግማሽ እንዲቀንስ ግብ አወጣ፤ ተሳካም። እጅ መታጠብና የደም ሥር ቱቦን በንጽሕና መያዝ ከተወሰዱት እርምጃዎች ዋነኞቹ ነበሩ።

ቁጥር ግን ሊያሳስት ይችላል። ሦስት ጊዜ የተመረመረ አንድ ሰው እንደ ሦስት ሰው እንዳይቆጠር፣ በዘመኑ የመጀመሪያው ውጤት ብቻ ይወሰዳል። ሌላው ስሕተት ይበልጥ ስውር ነው፤ የካልቸር ምርመራ የሚታዘዘው መድኃኒት ላልሠራላቸው ብቻ ሲሆን፣ በመዝገብ የሚታየው መላመድ ከእውነተኛው በልጦ ይገኛል። ስለዚህ «ስንቱ ተላመደ?» ከማለት በፊት «ከስንቱ? ከእነማንስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በሀገራችንም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከተመረጡ ላቦራቶሪዎች መረጃ ማሰባሰብ ጀምሯል። አጥቢያ ላቦራቶሪ ባይኖራትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላት። ሐኪም ካልቸር ሲያዝ ቤተሰብ ክፍያውን ፈርቶ የሚተወው ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሕመምተኛው በግምት ይታከማል፣ ከመዝገቡም ይጎድላል። ኮሚቴዎች ለነዳያን ሕክምና ከሚመድቡት ገንዘብ ይህን ወጪ እንዲያስቡበት እንጠይቃለን። ካህናት አባቶቻችንም ሕሙማንን ሲጠይቁ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ከማለፋቸው በፊት እጃቸውን ቢታጠቡ፣ ስለሚያሳልሙበት የእጅ መስቀል ንጽሕናም ከክፍሉ ነርስ ጋር ቢመካከሩ መልካም ነው።