የእንሰት ልጅና የበቆሎ ልጅ

ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ ሟች ስለ ኾነ፣ ዘሩ እንዳይጠፋ መሰሉን ይተካል። አተካኩም ኹለት ዐይነት ነው፤ አንደኛው ወንዴና ሴቴ ተገናኝተው፣ ኹለተኛው አንዱ ብቻውን ከገላው ከፍሎ።

በቆሎ ለፊተኛው ምሳሌ ነው። ከዐናቱ ላይ ያለው አበባ ወንዴ ነው፤ የእሸቱ ጸጉር ደግሞ የሴቴው ነው። ነፋስ የወንዴውን ብናኝ ሲያመጣ እያንዳንዱ ጸጉር አንዲት ፍሬ ያስይዛል። ብናኙ ከጎረቤት ማሳ የመጣ እንደ ኾነ፣ ነጭ በተዘራበት እሸት ላይ ቢጫ ፍሬ ይገኛል። ባለቤቱ ይደነቃል እንጂ ነገሩ ተአምር አይደለም፤ ልጁ ከኹለት ወላጆች የተካፈለ ነውና።

እንሰት ግን በገበሬ እጅ እንዲህ አይደለም። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘር አፍርቶ ይሞታል፤ የዱሩ እንሰት የሚራባው በዚህ ዘር ነው። ገበሬው ግን ዘሩን ሳይጠብቅ ቆርጦ ቆጮና ቡላ ስለሚያደርገው፣ ችግኝ የሚያገኘው በሌላ ብልኀት ነው። ለጋ እንሰት መርጦ ከሥሩ አጠገብ ይቆርጠዋል፤ ከአምቾውም መካከል ቡቃያውን ፍቆ አውጥቶ ዐፈር ያለብሰዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንዱ አምቾ 40 ወይም 50፣ አንዳንድ ጊዜም ከ100 በላይ ችግኝ ይፈላል።

እነዚህ ሁሉ አባት የላቸውም። የእናታቸው ገላ ናቸውና በጣዕምም በቃጫም እርሷኑ ይመስላሉ። ደግ እንሰት ያገኘ ሰው ደግነቱን ሳይቀላቅል ለልጅ ልጁ ያወርሳል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ እናቲቱ የማትችለውን በሽታ ልጆቿም አይችሉትም።

ድንችም እንዲሁ ከራሱ ከድንቹ ይተከላል። በአየርላንድ አገር መሬቱ ያነሰው ድኻ በብዛት የሚተክለው ላምፐር የሚባለውን አንድ ዐይነት ነበር፤ በ1845 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በሽታ ቢገባ ድንቹ በየማሳው በሰበሰ። እስከ 1852 ድረስም አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና በደዌ አለቀ።

በኢትዮጵያ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእንሰት ተመጋቢ ነው፤ አጠውልግ የሚባል በሽታም አለበት። ነገር ግን የእንሰት አገር ገበሬ በአንድ ጓሮ ብዙ ዐይነት፣ እያንዳንዱንም በስሙ ለይቶ ይተክላል። በወላይታ ማዚያ የሚባለው ዐይነት፣ ፈጽሞ ባይድንም፣ ሌላው ሲጠወልግ ይቋቋማል። በሽታውን ወደ ጤነኛው ከሚያሻግሩት አንዱ በታመመው ላይ የዋለው ቢላዋ ነው፤ ስለዚህ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ከአንዱ አምቾ ወደ ሌላው ሳያልፍ ስለቱን በእሳት ይለበልባል።