የአሊዩ አምባ ሕዝብ ለምን እዚያ ሰፈረ?

ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ማወቅ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣልዎት ጥያቄ «ስንት ሰው ይኖርባታል?» የሚለው ይሆናል። ቁጥሩ ግን ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። ሰዎቹ ያንን ቦታ ለምን እንደ መረጡት ሲያውቁ ነው ቁጥሩም ትርጉም የሚሰጠው። በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበር ወረዳ ያለችውን አሊዩ አምባን ይዘን ይህን እንመልከት።

ከመሬቱ እንጀምር። የሸዋ ደጋ በምሥራቅ በኩል ድንገት ያልቃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ቆላ ወርዳ የተቀመጠችው ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱ የመጣው የስምጥ ሸለቆው ወለል ሲሰምጥ ጠርዙ ከፍ ብሎ በመቅረቱ ነው። ከዚህ አፋፍ ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት ወንዞች ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ወንዞቹ ተዳፋቱን ሸርሽረው በመካከላቸው ሸንተረሮችን ትተዋል። አሊዩ አምባ ከአንኮበር በስተምሥራቅ፣ ቁልቁል፣ ከእነዚህ ሸንተረሮች በአንዱ አናት ላይ ተቀምጣለች።

አናቱ ለምን ተመረጠ? ከፍታው ጠላትን አስቀድሞ ለማየት ይመቻል፤ ከወባና ከደራሽ ውሃም ያርቃል። የይፋት አርጎባዎችም መንደሮቻቸውን በሸንተረር ላይ መሥራት የቆየ ልማዳቸው ነው።

ደኅንነት ግን ብቻውን ገበያ አያቆምም። ደጋው ገብስ፣ ባቄላና የበግ ጠጉር አለው፤ ቆላው ማሽላና ጥጥ ያመርታል፤ ከዚያ ወዲያ ከአሳል ሐይቅ የሚወጣ ጨውና የሐረር ቡና ይመጣል። አንዱ የሌላውን ይፈልጋል። ግመል ደግሞ ሜዳውን እንጂ ቀጥ ያለውን አቀበት አይችልም። ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ቅፍለት ጭነቱን ፋሬ በተባለች መንደር ያራግፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሸክሙ የሰውና የበቅሎ ነበር። ስለዚህ ደገኛውም ቆለኛውም ሳይርቅበት የሚገናኝበት ቦታ መካከሉ፣ ማለትም አሊዩ አምባ አካባቢ ሆነ።

አሁን ወደ ሕዝቡ እንለፍ። በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው እንግሊዛዊው መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ የአሊዩ አምባን ቤቶች 250፣ ነዋሪዎቿን 1,000 ገደማ ብሎ ጻፈ። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ፦ አርጎባዎች፣ አፋሮችና የሐረር ነጋዴዎች። ቁጥሩን ለቤቶቹ ቢያካፍሉት ለአንድ ቤት ልክ አራት ሰው ይደርሳል። እንዲህ የተስተካከለ ቁጥር ሲያገኙ ሰው በሰው የተቆጠረ ሳይሆን በግምት የተባዛ መሆኑን ይጠርጥሩ። በገበያ ቀን ደግሞ ሸንተረሩን የሚሞላው ሕዝብ ከነዋሪው በእጅጉ ይበዛ ነበር። ያ ብልጽግና ግፍም ነበረበት፤ በአቅራቢያዋ ባለው በአብዱል ረሱል ገበያ የሚሸጠው ሰው ነበር።

ታዲያ ይህች ገበያ ለምን አላደገችም? መንገዱ ስለ ዞረ ነው። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ከአንኮበር ርቆ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል አለፈ። የደሴ መኪና መንገድም በጣርማ በር፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ወረደ። የበቅሎ መንገድ ያሳደጋት ከተማ ዳር ቀረች።

የዛሬውን ቁጥር ሲፈልጉ ደግሞ «ከተማ» የሚባለው ምን እንደሆነ ይወቁ። በኢትዮጵያ ቆጠራ 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለው ሰፈር ከተማ ይባላል፤ የወረዳ ዋና ከተማ፣ እንዲሁም 1,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ኖሮት አብዛኛው ከእርሻ ውጭ የሚተዳደር ሰፈርም ይካተታል። ትርጉሙ ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ ለምሳሌ በፈረንሳይ «ኮሚውን» የተባለው ትንሹ አስተዳደር በሕዝብ ብዛት አይወሰንም። ከ34,000 በላይ ኮሚውኖች ሲኖሩ ከግማሽ በላዩ 500 ሰው አይሞላቸውም፤ ሆኖም እያንዳንዱ የራሱ ከንቲባ አለው። ስለዚህ የሁለቱን አገር ትናንሽ ቦታዎች በቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

እንግዲህ የአሊዩ አምባን የሕዝብ ቁጥር ሲያገኙ ካርታ ይዘርጉ። ቆጠራው ማንን ነዋሪ እንዳለ፣ የገበያው ሰው ከየት እንደሚመጣ፣ መንገዱም በየት እንደሚያልፍ ይመልከቱ። ደጋና ቆላ ዛሬም እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ፤ ከአንኮበር ወደ ቆላ የሚወርድ ጥሩ መንገድ ባለ ቁጥር ሰው በአሊዩ አምባ የሚሰበሰብበት ምክንያት አለው።